የኦቦ ቶላሳ ግቢና የእኔ አራት ግልባጭ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2008

መጡ። ሦስት ሆነው፣ ሜትርና የቀለም ቆርቆሮ ይዘው፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ። መጋረጃውን ገልጬ ሳያቸው "ተመስገን፣ ማዘጋጃ ቤትም አንዳንዴ ይሰማል" አልኩ። ሁለት ወር ሙሉ የጠበቅኩት መልስ ነዋ። ነጠላዬን ጣል አድርጌ የተደፈነውን ቦይ ላሳያቸው ወጣሁ።

ቦዩን ዞር ብለው አላዩትም። አንደኛው "እንደምን አደሩ" ብሎኝ አለፈ። የለኩት የጎረቤቴን የኦቦ ቶላሳን ግቢ ነው፣ ከጥግ እስከ ጥግ። ሲጨርሱ በአራቱም ማዕዘን የአጥሩን እንጨት ቀይ ቀለም ቀቡ፣ ለኦቦ ቶላሳ አንድ ወረቀት ሰጥተው ሄዱ። ሽማግሌው ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ቆሙ።

ለራሴ ደብተር አልዋሽም። ያስመጣኋቸው እኔ ነኝ። ሃያ ስምንት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ሌላው ሲከፋው ያለቅሳል፣ እኔ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ጎርፉ ለሦስተኛ ክረምት ሳሎኔ ገብቶ ምንጣፌን ካበላሸ በኋላ፣ ጥቅምት ላይ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። "ጉዳዩ፡ የሰፈር ንጽሕና መጓደልንና የመንገድ ብልሽትን ስለማሳወቅ።" ዝርዝሩ ይኸው፦

አንደኛ፣ የኦቦ ቶላሳ የጭድ ክምር በነፋስ እየተበተነ መንገዱን መሙላቱ።
ሁለተኛ፣ እበቱ።
ሦስተኛ፣ አጥራቸው ወደ መንገድ ማዘንበሉ።
አራተኛ፣ የውሃ መውረጃ ቦዩ በዚሁ ሁሉ መደፈኑ።
አምስተኛ፣ አጥር ሥር የተጣለ የጋሪ ስብርባሪ።

ከእኔ ጋር ዘጠኝ ሰው ፈርሞበታል። ሁለተኛው ፈራሚ ባለሱቁ በላይነህ ነው። ዛሬ ቀዩን ቀለም አይቶ "እንግዲህ ደስ ይበልሽ" አለኝ። ደስ አላለኝም። ለምን እንደሆነ ገና አልገባኝም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 5

ታክሲ የለም። አስፋልቱ በድንጋይ ተዘግቷል። ጎማ ይቃጠላል፣ ጭሱ ከጓሮዬ ይታያል። ትምህርት ቤቱ ልጆቹን ወደየቤታቸው መለሰ። የሚወራው ሁሉ ስለ ማስተር ፕላኑ ነው፤ አዲስ አበባ እየሰፋች ገበሬውን ልትውጠው ነው ይላሉ። ሰበታም እንደ እኛው ነው አሉ፣ በሱሉልታም መኪና አያልፍም አሉ። ያየ ሰው ግን አላገኘሁም።

ቤት ያለኝ፦ ሽሮ ለሳምንት የሚሆን፣ ሽንኩርት አምስት ራስ፣ ሻማ ሁለት፣ ውሃ ግማሽ ጀሪካን። ቧንቧው ከቅዳሜ ጀምሮ ደርቋል።

በላይነህ የሱቁን አንድ መዝጊያ ብቻ ከፍቶ ተቀምጧል። ስለ ቀለሙ ጠየቅኩት። "ሰውየው ካርታ የለውም እኮ" አለኝ። "አያቱም አባቱም እዚያው ተወልደው እዚያው ሞቱ፣ ካርታ ምን ያደርግለታል። እስከዛሬ የጠየቀውም አልነበረ። አሁን የመሬት ቢሮ ጠየቀ።"

"የመሬት ቢሮ ምን አገባው? እኔ የጻፍኩት ስለ ጽዳት ነው" አልኩት። ትከሻውን ሰበቀ።

ቤት ገብቼ ፋይሌን አወጣሁ። የደብዳቤው ቅጂ አለኝ፣ የእኔ ቤት ወረቀት አይጠፋም። ከፊርማው በታች በራሴ እጅ እንዲህ ተጽፏል፦

ግልባጭ፡
ለጽዳትና ውበት
ለመንገድ ሥራ
ለጤና ጽሕፈት ቤት
ለመሬት አስተዳደር

የመጨረሻዋን ለምን ጻፍኳት? ለምንም። ሦስት ግልባጭ ለዓይኔ አነሰብኝ፣ ይኸው ነው እውነቱ። መዝገብ ቤት ያረጀ ሰው ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ ራቁቱን የወጣ ይመስለዋል። አንድ አለቃዬ "ግልባጭ ሲበዛ ደብዳቤ ይፈራል" ይሉ ነበር። ተፈራልኛ። ሰው ለመሬቱ ነፍሱን በሚሰጥበት በዚህ ሰሞን የአንድን ገበሬ አጥር ቀይ ያስቀባሁት እኔ ነኝ። ምነው እጄን በቆረጠው።

ከሰዓት በኋላ አዴ ብርቄ፣ የኦቦ ቶላሳ ሚስት፣ አንድ ጀሪካን ውሃ አዝላ መጣች። ከግቢያቸው ጉድጓድ የቀዳችው ነው። "ቧንቧሽ እንደደረቀ አውቄ ነው" አለች። እግዜር ይስጥልኝ አልኳት፣ ዓይኗን ግን ማየት አቃተኝ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 6

ጠዋት ከአስፋልቱ በኩል ተኩስ ተሰማ። ሩቅ ነው፤ ቢሆንም ተኩስ ተኩስ ነው። ቤቴ መንገድ ዳር ነው። አዴ ብርቄ በጓሮ በኩል መጥታ "ኮቱ፣ ነይ፣ ብቻሽን ምን ያስቀምጥሻል" አለችና እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ቀኑን እነሱ ጋ ዋልኩ። ቂንጬ አቀረበችልኝ። "ቅቤ የለበትም፣ ጾም ላይ እንደሆንሽ አውቃለሁ" አለች።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረቤት ስሆን ግቢያቸውን ከውስጥ ያየሁት ዛሬ ነው። ለለቅሶ ስመጣም ከድንኳኑ አላልፍም ነበር። ከውጭ ቆሻሻ ያልኩት ሁሉ ከውስጥ ሲያዩት ሥራ አለው። ጭዱ ለሦስት ላሞች እስከ ሰኔ ነው። እበቱ ተጠፍጥፎ ኩበት ይሆናል። "የጋሪ ስብርባሪ" ብዬ የጻፍኩት የዶሮ ቤት ነው፤ አንዲት ዶሮ ከነጫጩቶቿ ከሥሩ ወጣች። የእኛ ሰፈር ቤቶች የቆሙት የድሮ ማሳቸው ላይ ነው። የቀራቸው ይህ ግቢ ብቻ ነው።

ከዚያ ኦቦ ቶላሳ ያንን ወረቀት አመጡ። "አንቺ የጽሑፍ ሰው ነሽ፣ እስቲ አንብቢልኝ" አሉ። የሚያነብላቸው ልጃቸው ጫንጮ ነው፣ መንገድ ተዘግቶበት መምጣት አልቻለም። ወረቀቱ በኦሮምኛ ነው፣ ፊደሉ ላቲን። እኔ ፊደሉን አውቃለሁ፣ ኦሮምኛዬ ግን ከገበያ አያልፍም። ለእሳቸው ቋንቋው የእናታቸው ነው፣ ፊደል ግን አልቆጠሩም። ስለዚህ እኔ እያንዳንዷን ቃል እየጎተትኩ ድምፅ አወጣለሁ፣ እሳቸው ይሰማሉ፣ ከዚያ መልሰው በአማርኛ ይነግሩኛል። አንዱን ወረቀት ለሁለት አነበብነው።

"ጉያ ኩደን" አልኩ። "አሥር ቀን" አሉ። በአሥር የሥራ ቀን ውስጥ የይዞታ ማስረጃ ካልቀረበ ግቢው እንደ ሕገ ወጥ ይዞታ ተቆጥሮ ይነሳል። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው አልተለወጠም። ቀጠልኩ። "ኢያኖ ኦላ" የሚለው ላይ ስደርስ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። የጎረቤት አቤቱታ ማለት ነው።

"የትኛው ጎረቤት ይሆን?" አሉ፣ እኔን ሳይሆን ላሞቹን እያዩ።

ወረቀቱን አጥፌ መለስኩላቸው። አዴ ብርቄ ቂንጬ ጨመረችልኝ፣ በላሁት። አፈር ብበላ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 7

ነገር ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ። ገና ፀሐይ ስትወጣ ሄድኩ። ኦቦ ቶላሳ አጥራቸውን በልጥ እያሰሩ ነበር።

"ኦቦ ቶላሳ፣ ጎረቤቱ እኔ ነኝ" አልኳቸው። "የጻፍኩትም ያስፈረምኩትም እኔ ነኝ። መሬትዎን ፈልጌ አይደለም፣ በጎርፉ ተማርሬ ነው። ለመሬት ቢሮ ግልባጩን የላክሁት ግን እኔው ነኝ።" ምንም አላስቀረሁም። የዶሮውን ቤት ስብርባሪ ማለቴን ሳይቀር ነገርኳቸው።

ልጡን አጠበቁ። "ስንት ሰው ፈረመ?"

"ከእኔ ጋር ዘጠኝ።"

"ዘጠኝ" አሉ። ሌላ ልጥ አነሱና፦ "ከዘጠኙ አንዱ በሬን አንኳኩቶ 'ቶላሳ፣ ውሃው ቤቴ ገባ' ቢለኝ ምን የምለው መስሏችሁ ነው?"

ሦስት ክረምት ምንጣፍ ሳሰጣ አንድ ቀን በራቸውን አላንኳኳሁም። ማዘጋጃ ቤት ለመድረስ ግማሽ ሰዓት በእግር እሄዳለሁ፣ የእሳቸው በር ሃያ እርምጃ አይሞላም። የቀረውን ልጥ ይዘው ወደ ውስጥ ገቡ። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

ተከራዬ ማርቆስ ሥራ ፈትቶ ቤት ነው ያለው። የወላይታ ሰው ነው፣ ግንበኛ፤ የሚሠራበት ሕንፃ በረብሻው ቆሟል። በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳለቅስ አገኘኝና ሁሉንም ነገርኩት። ጸሎተኛ ነው፣ ስብከት ጠበቅኩ። "እትዬ፣ መናገሩን ተናግረዋል። አሁን ምን እንሥራ?" አለኝ። እንሥራ ነው ያለው፣ ይሥሩ አላለኝም። ለእንዲህ ያለ ሰው ምን ይባላል።

ዛሬ ውሃ አልመጣም፣ ሊመጣም አይገባም ብዬ ነበር። አመሻሽ ላይ በሩን ስከፍት ጀሪካኑ ደፉ ላይ ተቀምጧል፣ ሞልቷል። ማንም አልጠራኝም። ጀሪካኑን አቅፌ ቆምኩ፣ እንደ ሞኝ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 8

አስፋልቱ ትንሽ ተከፈተ፣ ታክሲ ግን የለም። "ማመልከቻችንን ስለመሳብ" የሚል ደብዳቤ ጽፌ በእግሬ ወረድኩ። በየመታጠፊያው ወታደር አለ። ቢሮው ግማሹ ባዶ ነው። የመሬት ቢሮው ሠራተኛ ወጣት ነው፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነው። ደብዳቤዬን ሁለት ጊዜ አነበበው።

"እናቴ፣ ዋናው ቢሳብም ግልባጩ እኛ ጋ ገቢ ሆኗል። የራሱን ቁጥር ይዟል። ቁጥር የያዘ ነገር አይሳብም" አለኝ።

ለስንቱ ሰው ነው ይህንኑ በመስኮት በኩል ያልኩት። አንዳንዱ ሲያለቅስ "ቀጣይ" እል ነበር። ዛሬ እኔ ላለቅስ ስል ልጁ ወንበር ሳበልኝ። "ነባር ይዞታ ከሆነ መንገድ አለው" አለ። "በቦታው ከድሮ ጀምሮ እንደነበሩ የሚያሳይ የቆየ ወረቀት፣ ያንን የሚመሰክሩ ሁለት የቆዩ ጎረቤቶች። አቤት ያሉት ሰዎች ራሳቸው ከመሰከሩማ ማን ይከራከራል?" ሰኞ ጠዋት ኑ አለኝ፤ ቢሮው ከተከፈተ ማለቱ ነው። እያመሰገንኩት ወጣሁ። ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው።

ምስክር አንድ፦ እኔ። ምስክር ሁለት፦ በላይነህ መሆን አለበት፣ ከእኔም በፊት እዚህ የነበረ እሱ ነው። ሱቁ ሄድኩ።

"ያኔ ክሰሱ ብለሽ አስፈረምሽን፣ ዛሬ መስክሩ ትያለሽ" አለኝ። "እትዬ የኔነሽ፣ በዚህ ሰሞን ስሜ ወረቀት ላይ ባይወጣ እመርጣለሁ። ነገ ማን እንደሚያነበው ምን አውቃለሁ?"

አልተቆጣሁትም። እኔም እኮ እፈራለሁ። ሳሙና ገዝቼ ተመለስኩ። ማርቆስ "እኔ ልመስክር" አለኝ። እዚህ ከመጣ አራት ዓመቱ ነው። ሳቅኩና መረቅኩት።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 9

ወገቤ ተቆርጧል፣ እጄ ውሃ ቋጥሯል፣ እንዲህ ደስ ያለኝ ቀን ግን በቅርብ አላስታውስም።

ማርቆስ ከማለዳው ዶማ ይዞ ቦዩን መቆፈር ጀመረ። እኔ በአካፋ አፈሩን አወጣለሁ። አንድ ሰዓት ያህል እንደሠራን ኦቦ ቶላሳ በራቸው ላይ ቆመው አዩን። ገብተው በቅርጫት ጭዱን ከመንገዱ መሰብሰብ ጀመሩ። አላናገሩኝም። ከዚያ አጥራቸውን ነቅለው ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ መለሱት፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። አዴ ብርቄ "ይህ ሰውዬ ሲኮርፍ ነው ሥራ የሚሆንለት" አለችኝ በጆሮዬ። ከፈረሙት ከዘጠኙ አራቱ መጡ። አንዷ መጥረጊያ ይዛ፣ ሌሎቹ እጃቸውን ይዘው።

አምስት ሰዓት ላይ የማርቆስ ዶማ ጠንካራ ነገር መታ። ቦዩን የደፈነው ነገር ተገኘ። እበት አይደለም። ጭድም አይደለም። እንደ ድንጋይ የተጋገረ ሲሚንቶ ነው፣ ከነከረጢቱ፣ ከሥሩ ደግሞ የተሰባበረ ብሎኬት። ብሎኬቱን አየሁት፣ ማርቆስም አየው፣ ቀና ብሎ የሚኖርበትን ክፍል ግድግዳ አየ። ያው ብሎኬት ነው።

ክፍሉን ያሠራሁት የዛሬ አራት ዓመት ነው። ሠራተኞቹ ትራፊውን የት እንደጣሉት አልጠየቅኩም። ጎርፉም የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ቀን በቀን ፋይል ያደራጀሁ ሰው ሁለቱን ቀን ጎን ለጎን አድርጌ አላየሁም። የተከሰሱት ኦቦ ቶላሳ፣ ቦዩን የደፈንኩ እኔ።

"የእኔ ነው" አልኩ ጮክ ብዬ። ሁሉም ሰማ።

ኦቦ ቶላሳ መጡ፣ ወደ ጉድጓዱ አጎነበሱ፣ ሲሚንቶውን በእግራቸው ነካ አደረጉት። ከዚያ ሳቁ። ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ዓይናቸው እንባ እስኪሞላ። "ለዚህኛውስ ለማን ነው ግልባጩ?" አሉኝ። እኔም መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅኩ። ሲሚንቶውን ለማውጣት አምስት ሰው ፈጀ። በላይነህ ከሱቁ ሆኖ አየን። ዳቦ ላከልን፣ እሱ ግን አልመጣም።

እሁድ፣ ታኅሣሥ 10

ቤተ ክርስቲያን ደርሼ መጣሁ። ሰው ጥቂት ነው። በረብሻው ለሞቱት ተጸለየ፣ በስም ሳይጠሩ። የማን ልጆች እንደሆኑ እግዜር ያውቃቸዋል። እናቶቻቸውን ያጽናልን።

ከሰዓት የቆየ ወረቀት ስፈልግ ዋልኩ። ኦቦ ቶላሳ አንድም የላቸውም። የአባታቸው የግብር ደረሰኝ ነበር፣ አይጥ በልቶታል። እኔ ጋ ሦስት ካርቶን ሙሉ አለ። የባለቤቴን ደብዳቤዎች፣ የውሃ ደረሰኞች፣ የልጄን የአንደኛ ክፍል ውጤት ሁሉ አገላበጥኩ። ተስፋ ልቆርጥ ስል የቤቴን የግዢ ውል አገኘሁ። ቤቱን ሠርተውት ከነበሩት ሰውዬ በ1989 ዓ.ም. ስንገዛ የተዋዋልነው ነው። አዋሳኞቹ በደንቡ ተዘርዝረዋል። በምሥራቅ መንገድ፣ በምዕራብ ባዶ ቦታ፣ በደቡብ ወንዝ። በሰሜን፦ "የአቶ ቶላሳ ነባር ግቢና ጉድጓድ።"

ነባር ይላል። ያኔውኑ ነባር። ውሉን ይዤ በቤት ጫማዬ ሮጥኩ። በራቸውን አንኳኳሁ። አነበብኩላቸው፣ ደግመሽ አንብቢ አሉኝ፣ ደገምኩ። አዴ ብርቄ እልል ልትል ስትል አፏን በእጇ ያዘች፤ ሰፈሩ ሐዘን ላይ ነው።

አሁን የጎደለው ሁለተኛ ምስክር ነው። በላይነህን ሌላ ቀን አልለምነውም ብዬ ነበር። ለመንኩት። "እስቲ ልደርበት" አለ። ከቅርብ የሚደርስልኝ ዘመድ የለኝም፣ ልጄ ሩቅ ናት። በዚህ ሳምንት ማን ውሃ አመጣልኝ፣ ማን እጄን ይዞ አስጠጋኝ፣ ማን አብሮኝ ቆፈረ? ሲመሽ የማመሰግናቸውን ስቆጥር ሁሉም በዚህችው አንድ መንገድ ላይ የሚኖሩ ናቸው።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 11

ቢሮው ተከፍቷል። በእግር ወረድን፣ ኦቦ ቶላሳ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ እኔ ውሉን በፕላስቲክ ጠቅልዬ። በላይነህ ሱቅ ጋ ስንደርስ መዝጊያው ተዘግቷል። ላንኳኳ እጄን ሳነሳ ኦቦ ቶላሳ "ተይው፣ የፈራን ሰው አይጫኑትም" አሉ።

በላይነህ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ቆሞ አገኘነው። ኮት ለብሷል። "ሱቁን ዘግቼ የመጣሁት ቶሎ ልመለስ ነው፣ ታዲያ ምን ትጎተታላችሁ?" አለን። ልስመው ምንም አልቀረኝም።

ያ ወጣት ሠራተኛ ውሉን አነበበ፣ "በሰሜን" የምትለዋ ላይ ጣቱን አሳረፈ። አለቃውን ጠራ፣ አለቃውም አነበበ። በመጨረሻ እንዲህ አሉን፦ ግቢው በነባር ይዞታነት ይመዘገባል፣ የማንሳቱ ማስታወቂያ ታግዷል፣ የመጨረሻው ውሳኔ በጥር ይሰጣል። "እስከዚያ አይነኩብኝም?" አሉ ኦቦ ቶላሳ። "አይነኩም አባቴ። እንዲህ ያለ ማስረጃ ይዞ የወደቀ ሰውም አላየሁም" አላቸው ወጣቱ። ጥር ምን ይዞ እንደሚመጣ በዚህ ዘመን ማን ያውቃል። ለዛሬ ግን ይበቃናል።

የቀረው የምስክሮቹ ቅጽ ነበር። በላይነህ ፈረመና ወደ ሱቁ ሮጠ። የእኔ ተራ ሲደርስ ልጁ ስሜን ጻፈ፣ ዕድሜዬን ጻፈ፣ ከዚያ ወደ ኦቦ ቶላሳ ዞረ። "ምስክሯ ለእርስዎ ምንዎ ናቸው?"

ኦቦ ቶላሳ አሰቡ። "የከሰሰችኝ እሷ ናት" አሉ።

የልጁ እስክሪብቶ ቆመ። እኔ ወለሉን አየሁ።

"ጎረቤቴም ናት" አሉ።

"ታዲያ የትኛውን ልጻፍ አባቴ? ቦታው ለአንድ ነው።"

"ሁለቱም እውነት ነው። ሁለቱንም ጻፍ።"

ልጁ ፊደሉን አሳንሶ ሁለቱንም ጻፈ። እኔም ከሥሩ ፈረምኩ።